ሰማያዊው በር፦ የሰበርኩትን ዕቃ እንዴት እንደተሳሰብን (ጅማ፣ የድግስ ዕቃ ኪራይ)

ታፔላ የለውም። ከመርካቶ ወደ አዌቱ ስትወርዱ በስተግራ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ፤ ደጁ ላይ ጎላ ድስቶች ተደፍተው ካያችሁ ደርሳችኋል። ሰፈሩ «ሐጂ ጋ» ነው የሚለው። ስልካቸውን እዚህ ልጽፍ ብዬ ልጃቸውን ሳስፈቅዳት «ኧረ እህቴ ተይኝ፣ በሰኔ እንቅልፍ የለንም» አለችኝ። ስለዚህ በእግራችሁ ሂዱ።

ስለ ድግስ ዕቃ ኪራይ የሚጽፍ ሰው ስለ ዋጋና ስለ ንጽሕና ነው የሚያወራው። እኔም ሁለቱን እነካካቸዋለሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ዕቃቸውን ስለሰበርኩባቸው ነው። ኪራይ ቤትን የምታውቁት ዕቃውን የምትመልሱ ቀን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ከአጋሮ ዘመድ ይመጣል፣ ሊሙ አክስቶች አሉን፣ ጎረቤቱ አለ፤ ሰባ ሰማንያ ሰው ገመትን። ቤታችን ጊንጆ ነው፣ ግቢው አያንስም። ግን ሰኔ ነው። የጅማን ሰኔ ለማታውቁት፦ ጠዋት ፀሐይ አይታችሁ ልብስ ታሰጣላችሁ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ልብሱም እናንተም አብራችሁ ትበሰብሳላችሁ። ያለ ድንኳን አይሞከርም። እድራችን ድንኳን አለው፤ ግን ለለቅሶ እንጂ ለደስታ አይወጣም፣ የእድሩ ዳኛም በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ሳይሞት ድንኳን የፈለገ ይከራያል።

የተከራየሁት ይኸው፦ ድንኳን 3,500፣ 80 የፕላስቲክ ወንበር በ12 ብር፣ 8 ጠረጴዛ በ60፣ 100 ብርጭቆ በ4፣ 80 ሳህን በ6፣ ሁለት ጎላ ድስት በ250፣ አራት የጅማ በርጩማ ለቡናው ጥግ በ50። ጠቅላላ 6,520። የጭነት ባጃጅ ደርሶ መልስ 600። መያዣ 2,000 ብርና መታወቂያ። ከዚህ ርካሽ ቤት አለ፣ አውቃለሁ፤ ተከራይቼበታለሁም።

የዚያን ርካሽ ቤት ነገር ላውራችሁ፤ ስሙን ግን አልጠራም። የልጄ ክርስትና ጊዜ ነው። ስመልስ አንድ ሳህን ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታክል ነገር ተፈንቅላ ተገኘች። ሰውዬው የአዲስ ሳህን ዋጋ አስከፈሉኝ። ከፈልኩ፤ በድግስ ማግስት የሚከራከር ጉልበት ያለው ማን አለ? «እንግዲህ ሳህኑን ልውሰደው» ስላቸው ግን ሳቁብኝ። ሙሉ ዋጋውን ከከፈልኩ ሳህኑ የኔ አይደለም እንዴ? ሁለት ወር ሳይሞላ እዚያው ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ንፍሮ ቀረበልኝ። ሳህኑን አየሁት፤ አረንጓዴ አበባ፣ አበባው ላይ ተፈንቅሎ፣ እዚያው ቦታ። ለሟች ነፍስ ይማር ብዬ በሳህኔ በላሁ። ያ ሳህን ስንቴ ተከፍሎበት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ሰማያዊው በር ጋ የገረመኝ መጀመሪያ ቆጠራው ነው። አርብ ማታ ነው ዕቃው የመጣው፤ ደመናው ወርዷል፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። የሐጂ ልጅ፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ልጅ፣ «እህቴ ነይ እንቁጠር» አለች። «አምንሻለሁ፣ አስቀምጪው» አልኳት። «አትመኚኝ» አለችና ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አስያዘችኝ። ጠርዙ የተላጠ ስታገኝ ትለያለች፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ወንበሮቹ ውስጥ እግራቸው የተሰነጠቀ ስድስት ነበሩ፤ ቀይ ክር ታስሮባቸዋል፣ «እነዚህ ላይ ወፍራም ሰው አታስቀምጪ፣ ቢሰበሩም አትጠየቂም» አለች። ደብተሩ በካርቦን ነው፤ አንዱ ቅጂ ለኔ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሽንኩርቱ ጠቆረ። በዚያች ሰዓት ልጅቷን ጠልቻት ነበር።

ድግሱን አልተርከውም፣ ጥሩ ነበር። ወንድሜና ጓደኞቹ ጅሬን ወጥተው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶ ተነሥተው ጋዋኑን ጭቃ በጭቃ አድርገውት መጡ (ጋዋኑም የሰው ነው፣ መያዣ አለው፣ እሱ የራሱ ጣጣ ነው)። እንጀራው በቃ፣ ዶሮ ወጡ ተረፈ። የተበላሸውን ልናገር።

ብርጭቆዎቹ ምንም ታሪክ የላቸውም። የአክስቴ ልጅ ትሪ ይዞ ሮጠ፣ አምስት። ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ሁለት። ሰባት ሆነ። አንድ ደግሞ የት እንደገባ ጠፋ።

በርጩማው የአጎታችን ነው። ከአጋሮ የመጣ፣ ቡና የሚነግድ፣ አንድ መቶ ኪሎ የሚያልፍ ሰው ነው፤ ወንበር ስናቀርብለት «እኔ የጅማ ልጅ አይደለሁም እንዴ?» ብሎ ቡናው ጥግ ሄዶ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ ጭር ባለ ጊዜ ቋ! የሚል ድምፅ ሰማን። አጎቴ ስኒውን ሳያፈስ መሬት ላይ ተቀምጧል። አክስቴ «ወይ በርጩማው!» አለች፤ ስለ ባሏ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ድንኳኑ ግን የኔ ጥፋት ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ በጎን መግባት ጀመረ። ቡና የምታፈላልንን የጎረቤት ልጅ «ምድጃውን ወደ ውስጥ ጠጋ አድርጊው» አልኳት። ወደ ውስጥ ስትል ወደ ሌላኛው ግድግዳ ነው የተጠጋችው፤ ንፋሱ ሸራውን ገፍቶ ከሰሉ ላይ አስተኛው። ሸራው ላስቲክነት ስላለው አልነደደም፣ ተኮማተረ። አንዱ ማንቆርቆሪያ ይዞ ደረሰ። ቀዳዳው መዳፍ ያክላል፣ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ደርቋል፤ ሽታው ዕጣኑን አሸነፈው። ልጅቷ አለቀሰች። «ከምትሰጪኝ ላይ ቁረጪው» ስትለኝ አፈርኩ፤ ጠጋ አድርጊ ያልኩት እኔ ነኝ።

ማታ ላይ ወንድሜ፣ ምሩቁ፣ «አጣጥፈነው ቀዳዳው ወደ ውስጥ ይግባ፣ ማን ያየዋል?» አለ። አልዋሽም፣ ለትንሽ ጊዜ አሰብኩበት። ከዚያ አርባ ደቂቃ ብርጭቆ ያስቆጠረችኝ ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷ ድንኳን ሳትዘረጋ ትረከባለች? ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። «ድንኳኑ ተቃጥሏል፣ ትንሽ ነው» አልኳት። «በቁጥር ስንት?» አለች። «መዳፍ»። «ጣትሽን ጨምረሽ ወይስ ሳትጨምሪ?» ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ለካ ድንኳኑ ለእሑድ ኒካህ ተይዟል።

እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዕቃው መመለስ አለበት፣ ይህ አንዱ ቅሬታዬ ነው፤ ከድግስ ያደረ ሰው ከሌሊት ተነሥቶ ጎላ ድስት ይፈትግ ማለት ግፍ ነው። ብቻ ደረስን። አጎቴም አብሮ መጣ፣ «የሰበርኩትን እኔ ነኝ የምከፍል» ብሎ። በመንገድ ላይ ባጃጁ ውስጥ ብሩን ሲቆጥር አየሁት፤ 2,000 ብር። ለበርጩማ!

ሐጂ በር ላይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ስድሳ አምስት ሰባ ይሆናቸዋል። ሰላምታው ራሱ አሥር ደቂቃ ነው፤ የአጋሮ ዝናብ፣ የቡናው አበባ፣ የኔ እናት ጤንነት። ከዚያ ልጃቸው ደብተሩን ዘረጋች።

ብርጭቆ፦ ስምንት፣ በ60 ብር፣ 480። «ከፈለግሽ ዓይነቱን ገዝተሽ ተኪ» አለችኝ። ቀደም ብዬ መርካቶ ጠይቄ ነበር፤ ያው ባለ መስመሩ ብርጭቆ አንዱ ጋ 65 አንዱ ጋ 70 ነው። እነሱ በደርዘን ስለሚገዙ ይረክስላቸዋል፣ እና የጠየቁኝ የገዙበትን ነው። ከፈልኩ።

በርጩማው ላይ ነው ነገር የመጣው። የጅማ በርጩማ ታውቁታላችሁ፣ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ ይጠረባሉ፤ ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። ሦስት እግር ስለሆነ ወጣ ገባ መሬት ላይ አይንገዳገድም፤ ሲሰበር ግን እንደ ተራ ወንበር እግር ነቅላችሁ ሌላ አትሰኩበትም፣ እንጨቱ አንድ ነዋ። አጎቴ ብሩን አወጣ። «ሐጂ፣ ይቅርታ፣ አዲስ ያስጠርቡ» አለ።

ሐጂ ብሩን አላዩትም። የተሰበረውን እግር ተቀበሉ፣ ተነሥተው በሩ አጠገብ ወደ ብርሃኑ ሄዱ፣ አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው ስብራቱን ጠረጉት። «ይምጡ ይዩት» አሉት አጎቴን። እኔም አንገቴን አስገባሁ። የስብራቱ ፊት ሁለት ቀለም ነው። አብዛኛው ጠቁሯል፣ ወዝ ጠጥቷል፣ ውስጡ አቧራ አለበት። ጥጉ ላይ ያለችው ግን ማር የመሰለች፣ ንጹሕ የዋንዛ ቀለም ናት፤ ስትነካ ስንጥር ትወጋለች።

«ጥቁሩ የቆየ ስንጥቅ ነው» አሉ ሐጂ። «ቅቤና ጭስ ገብቶበታል። ትናንት የተሰበረው ይሄ ብሩሁ ነው።»

ልጃቸው «አባ፣ ደብተሩ ደህና ነው ይላል» አለች። እውነቷን ነው፤ የኔ ካርቦን ላይም «በርጩማ 4፣ ደህና» ተብሎ ፈርሜበታለሁ። በወረቀቱ ከሆነ ዕዳው የኛ ነበር።

«ደብተሩ ዓይን የለውም» አሏት፣ ቀጥለው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገሯት፤ የሰማሁት «ቀይ ክር» የሚለውን ብቻ ነው፣ እሱን በአማርኛ ስላሉት። ልጅቷ ጆሮዋ ቀላ። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ። «አናጢው ሰርስሮ የእንጨት ችንካር አስገብቶ በኮላ ያጣብቀዋል፣ 600 ብር ይለኛል። 300 የርስዎ፣ 300 የኔ። ሲሶው ብቻ ነው የርስዎ እንዳልል ክብደትዎን መናቅ ይሆንብኛል።»

አጎቴ ሳቀ፣ ግን አልተዋጠለትም። እንቢ አለ፤ 2,000ውን ጉያቸው ሊከት ሞከረ። እዚህ አገር ሰው ዕቃ ሰብሮ ሲከፍል ትንሽ መክፈል ያሳፍረዋል፣ ባለ ዕቃውም ሙሉውን መቀበል ያሳፍረዋል፣ በመካከል ልክ የሆነው ዋጋ መጠጊያ ያጣል። ስንቱ ጎረቤት «ተይው፣ ምን ችግር አለው» ተባብሎ ከዚያ ዓመት ሙሉ ተኮራርፏል። ሐጂ ግን አጎቴን እጁን ይዘው «ወንድሜ፣ 1,700 ብር የማን ስንጥቅ ነው የሚገዙት?» አሉት። አጎቴ 300 ከፈለ። ወደ አጋሮ እስኪመለስ ድረስ ይህንኑ ሲያወራ ሰነበተ።

እኔ የሳቅሁት እስከዚህ ነው። ድንኳኑ ተዘረጋ። ሰፊው፣ ሸራ የሚሰፋ ሰው ቀድሞ ተጠርቶ ነበር፣ ቀዳዳውን ለክቶ «450» አለ። ደስ አለኝ። ድንኳኑ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ሌላ ቦታ ቢሆን የግድግዳውን ሸራ በሙሉ አዲስ ግዢ ይሉኝ ነበር። ልጅቷ ቀጠለች፦ «ለዛሬው ኒካህ ከሌላ አከራይ ድንኳን ለምነን 1,500 ከፍለናል፤ እሱም ያንቺ ነው።»

ደሜ ፈላ። የ450 ብር ቀዳዳ 1,950 ሆነች! ወረቀቱን አወጣሁ። ስለ ስባሪ ተጽፏል፣ ስለ መጥፋት ተጽፏል፣ ስለ ቃጠሎ ተጽፏል፤ ሥራ ስለ መታጎል አንዲት መስመር የለም። «ይሄ ውል ውስጥ የለም» አልኩ። ሐጂ ዝም ብለው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ወደ ውጭ ወጥቼ የአክስቴን ልጅ ደወልኩላት፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ነው የምትማረው። ከእንቅልፏ ቀስቅሻት ስለነበር ቁጥር ብቻ ነው የጠራችልኝ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2028፣ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል፤ 2091፣ ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን። «ጉዳቱ ቀዳዳው ነዋ» አልኳት። «አንቺ፣ ድንኳኑ ዛሬ ቢከራይ ስንት ያመጣ ነበር?» አለችኝ። «3,500።» «ስንት ጠየቁሽ?» ዝም አልኩ። «እንግዲያው ልተኛበት» ብላ ዘጋችው።

ተመልሼ ስገባ ልጅቷ የዚያኛውን አከራይ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ አድርጋልኛለች። 1,500፣ ቀን፣ ፊርማ። ማታ ስለደወልኩ ነው ያገኙት፤ ጠዋት ብናገር ኖሮ ኒካሁ ያለ ድንኳን፣ እነሱም ያለ ስም ይቀሩ ነበር አለችኝ። የጠየቁኝ ያጡትን ትርፍ አይደለም፣ ከኪሳቸው የወጣውን ነው። ይህ ገባኝ። ቢሆንም ለሐጂ ነገርኳቸው፦ «ትክክል ነው፣ እከፍላለሁ፣ ግን አርብ ማታ ይህ ተጽፎ ባየው ኖሮ ምድጃውን ግቢ ጫፍ ነበር የማስቀምጠው።» «እውነትሽን ነው ልጄ» አሉ፤ ልጃቸውን አዩዋት፤ እሷም ደብተሩ ኋላ ላይ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ አዲሱን ወረቀት አይቼዋለሁ፣ መስመሯ ገብታለች፦ «ዕቃው በጉዳት ምክንያት ለሚቀጥለው ተከራይ ካልደረሰ፣ ምትኩን ለማግኘት የወጣው ወጪ»። የኔ ድርሰት ናት ማለት ይቻላል፤ የኪራይ ቅናሽ ግን አላሰቡልኝም።

የኔ ዕዳ 2,430 ሆነ። ከመያዣው 2,000 ተቀንሶ 430 በቴሌብር ላክሁ፣ መታወቂያዬን ተቀበልኩ። የተሰበሩትን ብርጭቆዎች በካርቶን አድርጋ ሰጠችኝ። «ምን ላድርገው?» ስላት «ከፍለሽበታል፣ ያንቺ ነው» አለች። ያ አረንጓዴ ሳህን ትዝ አለኝ፤ ስባሪውን ቤት ድረስ ተሸክሜ ሄድኩ፣ ጅል እንደሆንኩ እያወቅሁ።

ሌላ የምነቅፈው፦ አንደኛው ጎላ ድስት ጆሮው ይወዛወዛል፣ ሙሉ ወጥ ይዞ ለሁለት ሰው እንኳ ያስፈራል፤ ቀይ ክር አልነበረበትም። ድንኳኑ ሲመጣ የእርጥበት ሽታ ነበረው፣ በዚህ ወቅት የት ይደርቃል ብዬ ይቅር ብያለሁ። አርብ ከተባለው ሰዓት አንድ ሰዓት ዘግይተዋል። ሳህኖቹ ንጹሕ ናቸው፣ ወንበሮቹም። ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ፤ አምስተኛዋ የእሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ናት።

ባለፈው ሳምንት የጠፋችዋ ስምንተኛ ብርጭቆ ተገኘች። የጎረቤታችን ልጅ በድግሱ ቀን ጠላ ወስዶባት አልጋው ሥር ትቷት ኖሮ እናቱ ስትጠርግ አገኘቻት። አጥቤ ይዤ ሰማያዊው በር ሄድኩ፤ 60 ብሬን ልቀበል። የሐጂ ልጅ ብርጭቆዋን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገቻት፣ አዟዟረቻት፣ ጣቷን ጠርዙ ላይ አስኬደች።

«እዚህ ጋ ተልጣለች» አለች።

አየሁት። ተልጣለች። ደብተሩን ገለጠች፣ ስሜን አገኘች፣ 60 የሚለውን ሰርዛ 30 ጻፈች፣ ከኪሷ ሦስት ባለ አሥር ብር ቆጥራ ሰጠችኝ፤ ብርጭቆዋን ከተለዩት ጋር አስቀመጠቻት።